አራሱ እኔ ነኝ

ላስ ቬጋስ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ ስነዳ፣ ታምሜ ከሥራ ሺፍት የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው፤ መኩራራት ደስ ይለኛል። ከኤርፖርት ሰው ጭኜ፣ ካዚኖ በር ላይ አራግፌ፣ ሳንድዊቼን መሪ እንደያዝኩ ጎርሼ ሌላ ሰው የምጭን ነበርኩ። ጓደኞቼ "ይሄ ሰውዬ ሆዱ ድንጋይ ይፈጫል" ይሉኝ ነበር። ድንጋይ ያቀረበልኝ ባይኖርም፣ ጥሬ ሥጋውን በሚጥሚጣ በልቼ በላዩ በርገር ስደርብበት ሆዴ ቅር ብሎት አያውቅም።

በ2020 ከተማው ሲዘጋ ታክሲውም ቆመ። በዚያው ሰመር ያ በሽታ እኔንም አገኘኝ። ትኩሳቱና ሳሉ በጊዜያቸው ለቀቁኝ፤ ድካምና ማቅለሽለሽ ግን ቤቴን ወደዱት መሰለኝ ቀሩ። ድካም ስላችሁ ከሥራ የሚመለስ ሰው የሚሰማው፣ ተኝተው የሚነሡበት ድካም እንዳይመስላችሁ። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ልብስ የምለብስበት አቅም አጥቼ፣ ፎጣዬን እንዳገለደምኩ አልጋ ጫፍ ላይ እቀር ነበር። ማቅለሽለሹ ደግሞ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሣል። የጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ያጥወለውለኛል፣ የሰው ሽቶ ያጥወለውለኛል፣ ምንም ሳይኖርም ያጥወለውለኛል። ትንሽ ነገር ከቀመስኩ ሆዴ ይነፋል፣ ቃሩ ጉሮሮዬ ላይ ወጥቶ እስከ ማታ እዚያው ይቀመጣል። ረሃብ የሚባለው ነገር ጭራሽ ጠፋ። መጥፋቱንም ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ሰው ረሃቡን ፈልጎ አያውቅማ።

ሜዲካል ዲስትሪክት ያሉ ክሊኒኮችን ደጅ ጠናሁ። ብዙ ጊዜ "ምርመራው ደህና ነው" ተባልኩ፤ ደህና የሆነው ምርመራው እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ ማስረዳት ራሱ ያደክመኝ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም እንቁላል አብልታኝ ሆዴን ለሰዓታት በመሣሪያ ፎቶ አስነሣችው። ጨጓራዬ ሰንፏል አለችኝ፤ የገባበትን ምግብ ቶሎ አይለቅም። ሃያ ዓመት ሰንፌ የማላውቀው ሰውዬ ጨጓራዬ ሰነፈ። መድኃኒት ሰጠችኝና ምክሯን ጨመረችበት፦ ቅባት ቀንስ፣ ቀጭን ነገር ጠጣ፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ብላ፣ ሳትደክም ዕረፍ። የመጨረሻዋን እንደ ስድብ ነው የቆጠርኳት። ያልደከመ ሰው ያርፋል እንዴ?

ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ብቻ ነን። እናቷና እኔ ከተለያየን ቆይተናል፤ እሷ ሲያትል ናት። ልጄ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛዋን በእንግሊዝኛ ምላስ የምትናገር፣ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷን ከመኝታ ቤቷ በኮምፒውተር ትማራለች፤ በመሃል በመሃል እየወጣች የትውከት ባልዲዬን ትደፋልኛለች። በ2021 መጀመሪያ ላይ ሪኖ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ እንድትማር ተቀበላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትፈልገው እሱን ነበር።

ደስታዋን ጠበቅሁ። እሷ ግን ስልኳን ጠረጴዛ ላይ ደፍታ "አባዬ፣ እኔ ሪኖ አልሄድም። እዚህ ኮሌጅ እገባለሁ። አንተን ማን ቼክ ያደርጋል?" አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። እኔ ሃያ ዓመት ሰው ያመላለስኩት የእኔ ልጅ የአባቷን ባልዲ እንድትጠብቅ ነው? ጮህኩ፤ ጩኸቱም አደከመኝና ተኛሁ። ስነቃ አጠገቤ ተቀምጣለች። ተደራደርን። ግትርነቷ ከእኔ ነው የመጣው፤ የምትለውን አስባ ጨርሳለች።

"ኦገስት ላይ አንተ ራስህ ነድተህ ሪኖ ካደረስከኝ እሄዳለሁ። እኔ መሪውን አልነካም። ካልቻልክ እቀራለሁ።"

ሪኖ በረሃ ለበረሃ የሰባት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ያኔ ከሶፋ ተነሥቼ ኩሽና ስደርስ ጠረጴዛ ተደግፌ የማርፍ ሰው ነኝ። አፌን ሞልቼ "እሺ" አልኩ።

መታመሜን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ቸርች በዙም ስለሆነ ካሜራ ማጥፋት ነው። "ወንድም፣ እንዴት ነህ?" ሲሉኝ "ጌታ ይመስገን" እላለሁ፤ ሰው ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልፈልግም። ልጄንም ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ ብያታለሁ። እንግዲህ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ሐኪሟ ከሰጠችን ወረቀት ላይ ቀጭን የአጃ ገንፎ መሳይ ነገር ጠጣ የሚል ነበረበት። ልጄ አንብባ "ይሄ አጥሚት አይደለም?" አለችኝ። ከዓመታት በፊት ከቸርች አንዲት እኅት ወልዳ ልንጠይቅ ስንሄድ ቀምሳ ወድዳው ነበር። እሷ መሥራት አትችልም። እኔም አልችልም፤ በእኛ ቤት ወንድ አጥሚት ከቀመሰ፣ አራስ ጠይቆ ከትርፏ ደርሶት ነው። ልጄ እንግዲህ ብልህ ነኝ ብላ የቸርቻችን ሴቶች የስልክ ግሩፕ ላይ ጻፈች። ቃል በቃል ያለችው ይህን ነው፦ "ሃይ ሁላችሁም። ቤታችን አጥሚት ያስፈልጋል፣ በጣም ቶሎ። ማን ይሠራል? ፕሊስ ለማንም አትንገሩ። አባዬ እንዲታወቅ አይፈልግም።"

ይህን አንብቦ ሌላ ነገር የሚያስብ አበሻ ካለ እጁን ያውጣ። አጥሚት በቶሎ የሚፈለግበት ቤት የተወለደበት ቤት ነው። በእኛ ቤት ያለችው ሴት አንድ፣ ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት፣ ባል የላትም፣ ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ ከትከሻዋ በታች ያያት ሰው የለም። አባቷ ደግሞ እንዲታወቅ አይፈልግም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሳሎን ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር። ከውጭ እልልታ ሰማሁ፤ ረጅምና ጥርት ያለ፣ የጎረቤቱን ውሻ ያስጮኸ እልልታ። ልጄ ስትከፍት በዕድሜም በግርማም የቸርቻችን እናት የሆኑት፣ ሮድስ ራንች የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት ሴትዮ፣ ሁለት እኅቶች አስከትለው ቆመዋል። እማማ ነው ሁላችንም የምንላቸው። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። አንዷ ገንፎ በድስት፣ አንዷ የአጥሚት ዱቄትና ዳይፐር ይዛለች፤ እማማ ደግሞ በገዛ እጃቸው የሠሯት ሚጢጢ ቢጫ የክር ኮፍያ።

"አንቺ ልጅ፣ ቆመሽ ነው እንዴ በር የምትከፍችው?" አሉ እማማ። "ግቢ፣ ጋደም በይ። ብርድ ይመታሻል።"

ልጄ የሩጫ ቁምጣዋን እንደለበሰች "ኖ፣ እኔ ደህና ነኝ እማማ" አለች።

"ደህና ነኝ ትላለች ደግሞ። እንኳን ጌታ በሰላም ገላገለሽ። ልጅ የጌታ ስጦታ ነው፤ እኛ ልንፈርድ አልመጣንም።" ሁለቱ እኅቶች አሜን አሉ። "ሕፃኑ የታለ?"

"የምን ሕፃን?"

"አጥሚቱ ለማን ነው ታዲያ?"

"ለአባዬ።"

ቀጥሎ የእማማ ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ። "አባትሽ የአራስ አጥሚት እየቀማ ይጠጣል?"

ደሜ ፈላ። ልጄን በዚህ ጠርጥረው፣ እኔን ደግሞ አጥሚት ቀማኛ አድርገው። ብርድ ልብሴን ጥዬ ተነሣሁና ልናገራቸው ወደ በሩ ስሮጥ፣ ሮጥኩ ማለቴ ግድግዳ ይዤ ስሄድ፣ ዐይኔ ጨለመ። ኮሪደሩ ላይ ተንሸራትቼ ቁጭ አልኩ። በእጄ ለትውከት የማልለያት ሰማያዊ ፌስታል አለች። እነሱ ከበሩ ሆነው ቁልቁል ያዩኛል። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ጠፍቶብኝ "አራሱ እኔ ነኝ እማማ" አልኩ።

እማማ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሸሚዜ ላዬ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጉንጬ ገብቷል፤ ካሜራ ማጥፋት ከመጀመሬ በፊት በዙም ያዩት ሰውዬ አልነበርኩም። ያለቅሳሉ ወይም ጸሎት ይጀምራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን "እንግዲያውስ ተኛ" አሉኝ።

ተኛሁ። መስኮት አስከፈቱ፤ እነሱ በረንዳው ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ፣ እማማም በመስኮቱ በኩል ሕግ ማውጣት ጀመሩ። አራስ ለእንግዳ አይነሣም። አራስ ስልክ አያነሣም። አራስ ክፉ ወሬ አይሰማም። አራስ ትንሽ በላሁ ብሎ አያፍርም፤ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል። ዕቃ አይሸከምም፤ ተነሥቶ መሄድ ያማረው ቀንም ይተኛል።

"ወንድ ነኝ እኮ እማማ" አልኩ።

"ወንድ መሆንህን ማን ጠየቀህ? እኔ የማየው የተጎዳ ሰውነት ነው። ስድስት ወልጃለሁ፤ ስድስቱንም ጊዜ ተኝቼ ነው የተነሣሁት። ሳይተኛ የተነሣ አላየሁም።"

ቀስ ብሎ ገባኝ። ሐኪሟ ያለችኝ ይህንኑ ነበር። ሐኪሟ ስትለኝ ግን በሽተኛ ያደረገችኝ መስሎኝ እፋለማታለሁ፤ እማማ ሲሉኝ ማዕረግ የተሰጠኝ መሰለኝ። በእኛ አገር ሰው ሳይሠራ ተኝቶ፣ እየተመገበ፣ ማንም "ምነው፣ በርታ እንጂ" ሳይለው የሚከበርበት አንድ ስፍራ አለ፤ አራስ ቤት ነው። እኔ እዚያ መግባት የሚፈቀድልኝ አይመስለኝም ነበር።

ቅቤው ላይ ግን ጠብ ተነሣ። ልጄ የሐኪሟን ወረቀት ይዛ "ኖ ቅቤ" ትላለች፤ እማማ "ያለ ቅቤማ ሙቅ ነው እንጂ አጥሚት አይባልም" ይላሉ። ሁለቱም ነቅነቅ የሚሉ ሰዎች አይደሉም። ወረቀቱን ልጄ በአማርኛ ስትተረጉምላቸው፣ ጨጓራዬ ቅባት ሲያገኝ እንደሚቆም ስትነግራቸው፣ እማማ አሰቡና "የእኔም እናት ለታመመ ሰው ቅቤ ትቀንስ ነበር" አሉ። ማር በጥቂቱ ይሁን ተባለ። አንዷ እኅት ከነማስኳ ኩሽና ገብታ የአጃውን ዱቄት እንደገና ነፍታ፣ አቅጥና ሠራችው። በሻይ ስኒ ግማሽ ሰጡኝና ሁሉም አዩኝ። ማቅለሽለሹ መጣ፣ ጉሮሮዬ ድረስ ወጣ፣ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ስኒው ውስጥ የነበረው ሆዴ ውስጥ ቀረ። ልጄ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ገንፎውን እነሱው በረንዳው ላይ በሉት።

ሲወጡ እልል እንዲሉልኝ ጠየቅኋቸው፤ ቀልዴን ነበር። "እልልታው የአራስ መውጫ ቀን ይደርሳል" አሉኝ እማማ። ኮፍያዋንም ለመመለስ ስንሞክር "አራስ ቤት የገባ አይመለስም" ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ ተራ ገብተው ፔርሙስ በር ላይ እየተዉ መሄድ ጀመሩ። ወሬው ታክሲ ተራ ደረሰ። አንዱ ደውሎ "ወለድክ አሉ፤ ምንድን ነው?" አለኝ። "ጨጓራ" አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴን አመመኝ። ያን ሁሉ ወር የደበቅሁት ነገር አደባባይ ወጥቶ ምንም አልመጣብኝም። እንዲያውም የቀለለኝ ነገር ነበር፤ መታመምና መደበቅ ለካ ሁለት ሥራ ነው፣ ኦቨርታይም የማይከፈልበት።

እንዲህ እያልኩ ስሄድ አንድ ደህና ቀን መጣ። ኤፕሪል ነው። ጠዋት ስነቃ ማቅለሽለሹ የለም። የልብ ልብ ተሰማኝና መኪናዬን በእጄ አጠብኩ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ከጎረቤት አወራሁ። በማግስቱ እጄን ማንሣት አቃተኝ። ሳምንቱን ሙሉ አልጋ ላይ ዋልኩ፤ ውሃ እንኳ ይመለስብኝ ነበር። ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ልጄ ፊት አልቅሼ "ሪኖ ቀረ" አልኳት። እማማ ጋ ደውላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችው።

"ማን ተነሥ አለህ?" አሉኝ። ሌላ አላሉም። ከግማሽ ስኒ እንደገና ጀመርን።

ተኝቼ ሳስበው በራሴ ተናደድኩ። መኪናዬ ሃያ ዓመት አንድም ቀን መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሳ ቆማ አታውቅም፤ ታንኩ ግማሽ ሲሆን ነው የምቀዳው። ራሴን ግን እስኪደርቅ ነው የምነዳው። ከዚያ በኋላ ደህና ቀን ሲመጣ ግማሹን ትቼ እተኛ ጀመር። ይህ እንዴት እንደሚከብድ ያላየው አያውቅም፤ ጉልበት እያለህ መተኛት ከሺፍት ይብሳል።

መንዳትም እንዲሁ ጀመርኩ። መጀመሪያ የቆመች መኪና ውስጥ መሪ ይዤ መቀመጥ። ቀጥሎ ሰፈሩን መዞር። ቀጥሎ ልጄን አጠገቤ አድርጌ "አንተም" እስከሚባለው የዳገት ሰፈር ድረስ፣ ዳገቱ ላይ ፓርክ አድርጌ ከተማውን ቁልቁል እያየሁ አጥሚቴን መጠጣት። ሰነፉ ጨጓራዬም ቀስ በቀስ ሌላ ነገር ለመደ፤ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዓሣ፣ ቀጭን የዶሮ አልጫ፣ ከእንጀራም ቁራሽ። ክብደቴ መመለስ ጀመረ፤ ሐኪሟ ሚዛኑን አይታ እኔን አየችና "ምን አደረግህ?" አለችኝ። "ተኛሁ" አልኳት። የምበላው ግን አሁንም ስልኬ ሲጮህ ነው። ለመኪና ዘይት እንደምቀይር፣ ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ። ረሃብ አልተመለሰም፤ እኔም መጠበቁን ትቼ ነበር።

ኦገስት ደረሰ። በተነሣንበት ጠዋት እማማ ከልጃቸው ጋር መጥተው ፔርሙሱን ሞሉልን፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩ። ልጄን ደግሞ "የእኔ ጉሮሮ ሪኖ አይደርስም፤ አንቺ ትይለታለሽ" አሏት። እልልታ ሲያስተምሯት ሰንብተዋል። ልጄ በሯን ዘግታ ስትለማመድ እሰማታለሁ፤ ባትሪው ያለቀበት የጭስ አላርም ነው የሚመስለው። ምላሷ እዚህ ነው የተወለደው፣ ምን ታድርግ።

ቢጫዋን ኮፍያ መስታወቱ ላይ ሰቅለን ወጣን። ትንሽ እነዳለሁ፣ አቆማለሁ፣ ወንበሬን ለጥጬ ጋደም እላለሁ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ አጥሚት፣ እንደገና ጉዞ። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰውን መንገድ ቆራርጬ ቆራርጬ በላሁት። የሚያልፉን ትራኮች አልፈውኝ ይሂዱ አልኩ፤ ይህን ማለት ለታክሲ ነጂ ቀላል ነገር አይደለም። መንገዱ መሃል ያለችው ትንሽ ከተማ፣ ቶኖፓ ከመድረሳችን በፊት፣ ዳገቱ ላይ ማቅለሽለሹ ባለ በሌለ ኃይሉ መጣ። መኪናዋን ጠርዝ ላይ አወጣኋት፤ በሩን ስከፍት የገባው ሁሉ ወጣ። ልጄ ውሃ ሰጠችኝና መሪውን አየችው። ቃሏን ማፍረስ እንደፈለገች ገባኝ፤ ከነዳች ደግሞ እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

"አባዬ፣ ኦኬ ነው። ልመለስ እችላለሁ። አልከፋም" አለችኝ፤ ትከፋ ነበር።

"አራስ አትጨቅጭቂ" አልኳትና ዐይኔን ጨፈንኩ። ነፋሱ ይገባል፣ ሞተሩ ይተነፍሳል። ማቅለሽለሹ እንደ ልማዱ እስኪሰለቸው ጠበቅሁት። ሲሄድ ተነሥቼ ነዳሁ። ቶኖፓ ሞቴል ይዘን አደርን፤ በነጋታው ቀትር ላይ ሪኖ ገባን።

የተማሪዎቹ ዶርሚተሪ ፓርኪንግ ውስጥ አስተካክዬ፣ ሁለቱ መስመሮች መሃል ልክ አድርጌ ፓርክ አደረግሁ። ሞተሩን አጠፋሁ። እሷ ጋሪ አምጥታ ዕቃዋን እያመላለሰች ወደ ላይ ወጣች፤ እኔ አልረዳኋትም፣ ሕጉ ሕግ ነው። በተከፈተው በር እግሬን አውጥቼ ተቀምጬ የሌሎችን አባቶች ፍሪጅ ሲሸከሙ አያለሁ። አልቀናሁም። ልጄን አድርሻታለሁ። በዚህ እጅ፣ በዚህ ሆድ።

ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። አቤት፣ እዚህ ደግሞ ሊያዋርደኝ ነው ብዬ ፌስታሌን አወጣሁ። ጠበቅሁ። ወደ ላይ አይወጣም። እዚያው ታች ይሞረሙረኛል፣ ይጎትተኛል፣ አፌ ውሃ ይሞላል። ከበስተኋላ ካለ መኪና አንድ ቤተሰብ የተጠበሰ ዶሮ እየበላ ነው፤ ሽታው መጣ፣ እኔም አልሸሸሁትም። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ከተያየን ዓመት አልፎናል። ስልኬን አንሥቼ ለልጄ ደወልኩና "ነይ፣ ቶሎ ውረጂ" አልኳት።

ፊቷ አመድ መስሎ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። በእጄ ያለውን ፌስታል አየችው።

"ምን ሆንክ አባዬ? ምን ሆንክ?"

"ራበኝ" አልኳት።

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ አድርጋ፣ በዚያ ሁሉ ሰውና በዚያ ሁሉ ፍሪጅ መሃል፣ እልል አለችልኝ። ተሰባብሮ ነው የወጣው፤ እማማ ቢሰሙት ያርሙት ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። ትንፋሿ እስኪያልቅ አላቆመችም።

ዶሮ ፍለጋ ሄድን፤ የነዳሁት እኔ ነኝ።